ካርታ ገላጭ ምን ያነባል?

ታሮት በሥዕል የተሞሉ 78 ካርታዎች ስብስብ ነው። ካርታዎቹን በውዞ፣ ጥቂቶቹን በሥርዓት ዘርግቶ፣ ከሥዕሎቹ ተነሥቶ ስለ ጠያቂው ጉዳይ ለሚናገረው ሰው ግን በአማርኛ የረጋ ስም የለም። «የካርታ ንባብ» ቢባል ትዝ የሚለን የጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ነው፤ «ጥንቆላ» ቢባል ደግሞ ነገሩን ሳያስረዳ ይፈርድበታል። እዚህ የተመረጠው «ካርታ ገለጣ» የሚለው ነው፤ ሠሪውም «ካርታ ገላጭ» ይባላል። የታረደ ከብት ሞራ ዘርግቶ በላዩ ካሉት መስመሮች መጪውን የሚናገረው ሞራ ገላጭ ለስሙ መንገድ ጠርጓል። የተደፋ ካርታም ይገለጣል፣ የተሸፈነ ነገርም ይገለጣል።

ከ78ቱ 22ቱ ታላላቅ ይባላሉ። እቴጌ፣ ንጉሠ ነገሥት፣ ባሕታዊ፣ ሠረገላ፣ ግንብ፣ ሞት ከነዚህ መካከል ናቸው። የቀሩት 56ቱ በበትር፣ በጽዋ፣ በሰይፍና በሳንቲም ምልክት በአራት ወገን ይከፈላሉ። እያንዳንዱ ወገን ከአንድ እስከ ዐሥር ይቆጥርና አሽከር፣ ፈረሰኛ፣ ንግሥትና ንጉሥ ይጨምራል።

ነገሩ ሲጀመር ጨዋታ ነበር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሚላኖ፣ በፌራራና በፍሎረንስ የነበሩ መኳንንት በወርቅ ቅብ ያጌጡ ካርታዎች አሠርተው ይጫወቱ ነበር። ለሚላኖ መሳፍንት ተሠርተው ከተረፉት አንዳንዶቹ ዛሬ በኒውዮርኩ ሞርጋን ቤተ መጻሕፍትና በጣሊያኗ ቤርጋሞ ይገኛሉ። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በ1781፣ ኩር ደ ዤብላን የተባለ ፈረንሳዊ ጸሐፊ ካርታዎቹ የጥንት ግብፅ ካህናት ምስጢር ያለባቸው መጽሐፍ ናቸው ብሎ አወጀ። ያን ጊዜ የግብፅን ሥዕላዊ ጽሕፈት ማንበብ የሚችል ሰው አልነበረም፤ ሻምፖልዮን የተባለ ምሁር የፈታው በ1822 ነው። ጽሕፈቱ ከተፈታ በኋላም ስለ ታሮት የሚናገር ምንም አልተገኘም። ወሬው ግን ቀድሞ ሄዷል። ኤቴያ በሚል ስም የሚታወቀው ፓሪሳዊ ካርታ ገላጭ ከዤብላን አዋጅ ጥቂት ዓመታት በኋላ ለገለጣ ብቻ የሚሆን ካርታ አሳተመ። የኦክስፎርዱ ፈላስፋ ማይክል ደሜት የጨዋታውን ታሪክ በ1980 በትልቅ መጽሐፍ እስኪያጣራው ድረስ ብዙ ሰው የግብፁን ተረት እንደ ታሪክ ይደግመው ነበር። ዛሬም የሚደግመው አልጠፋም።

ዛሬ በብዛት የሚታየው ካርታ በታኅሣሥ 1909 ለንደን ውስጥ የታተመው ነው። ሐሳቡን ያመነጨው አርተር ዌይት፣ ያሳተመው ራይደር የተባለ ድርጅት፣ 78ቱንም የሣለችው ደግሞ ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ናት። የልጅነቷን ከፊል በጃማይካ ያሳለፈችው ይህች ሠዓሊ ሥራው ብዙ፣ ክፍያው ትንሽ እንደነበረ ለወዳጇ በደብዳቤ ጽፋለች። ካርታው ለአሥርት ዓመታት ሲጠራ የኖረው በዌይትና በራይደር ስም ብቻ ነው። ይህ ግልጽ በደል ነው፤ ምክንያቱም የዛሬውን ካርታ ገለጣ ያስቻለው የእሷ እጅ ነው። ከእሷ በፊት በአብዛኞቹ ስብስቦች «አምስት ጽዋ» ማለት አምስት የተደረደሩ ጽዋዎች እንጂ ሌላ አልነበረም። ገላጩ ትርጉሙን በቃሉ መያዝ ነበረበት። ስሚዝ ግን ለእያንዳንዱ ቁጥር ሰውና ሁኔታ ሰጠችው።

አምስት ጽዋን ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል። ጥቁር ካባ የደረበ ሰው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ከፊቱ ሦስት ጽዋዎች ተደፍተዋል፤ ከኋላው ሁለቱ እንደቆሙ ናቸው፣ እሱ ግን አላያቸውም። ራቅ ብሎ ወንዝ አለ፣ በወንዙ ላይ ድልድይ፣ ከማዶ ቤተ መንግሥት። ጀማሪ «ኀዘን» ብሎ ያልፋል። የለመደ ገላጭ ግን ያልታዩትን ሁለት ጽዋዎችና ድልድዩን ይጠቁማል፤ ከዚያ ከጎኑ ወደ ወጣው ካርታ ይዞራል። ቀጥሎ የወጣው ሦስት ጽዋ ከሆነ፣ ሦስት ሴቶች ጽዋቸውን አንሥተው ሲደሰቱ ይታያሉ፤ ነገሩ ወደ ወዳጅ ዘመድ ይመራል። ግንብ ከሆነ ደግሞ መብረቅ የመታው ሕንፃና ቁልቁል የሚወድቁ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ኀዘኑ ገና አልተቋጨም ያሰኛል። ሙያው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የተበታተኑትን ሥዕሎች አያይዞ ጠያቂው የራሱን ጉዳይ የሚያይበት ታሪክ ማድረግ። አዘረጋጉም ብዙ ዓይነት ነው። ቀላሉ ያለፈውን፣ ያለውንና የሚመጣውን የሚወክሉ ሦስት ካርታዎች ናቸው፤ ዌይት ስለ ታሮት በጻፈው መጽሐፍ ያስተዋወቀው የመስቀል አዘረጋግ ዐሥር ይፈልጋል።

ካርታው ነገን ያውቃል ወይ ለሚለው መልሱ አያውቅም ነው፤ ተበውዞ የወጣ ወረቀት ስለ ሰው ዕጣ የሚያውቀው ነገር የለም። ታዲያ ጠያቂው «ልክ ነው፣ እኔን ነው!» የሚለው ለምንድን ነው? በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር በ1948 ለ39 ተማሪዎቹ ስለ ጠባያቸው የተጻፈ ነው ብሎ ጽሑፍ ሰጣቸው። ለሁሉም የታደለው ያው አንድ ጽሑፍ ነበር፤ የበዛውንም የቀዳው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው። ተማሪዎቹ ጽሑፉ ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከአምስት ሲመዝኑ በአማካይ 4.26 ሰጡት። ብዙዎችን የሚነካ ነገር ሲነገረን የጎደለውን ከራሳችን ሕይወት እንሞላዋለን።

ይህን የሚያውቅ ጨዋ ካርታ ገላጭ ጥያቄውን ከመነሻው ያቃናል። «ባሌ ይመለሳል ወይ?» ያለችውን ሴት «እሱን እየጠበቅሽ ያቆየሽው ነገር ምንድን ነው?» ወደሚለው ያመጣታል፤ ሥዕሎቹም ለዚህ ጥሩ የወሬ መነሻ ይሆናሉ። ሕመምን፣ እርግዝናንና ፍርድ ቤት ያለን ጉዳይ ግን ወደ ባለሙያቸው ይልካል እንጂ ካርታ አይዘረጋባቸውም። «ድግምት አለብሽ፣ ለማስፈቻው ይህን ያህል ብር አምጪ» የሚል ቃል ከመጣ ግን አጭበርባሪ ነውና፣ ጠያቂዋ ካርታው እስኪሰበሰብ ሳትጠብቅ ተነሥታ መሄድ አለባት።