ከሁከት ውስጥ ሰማይን መለየት፦ የአማተር ሬዲዮ ሥነ ፈለክ ታሪክ ለጀማሪዎች



ብዙዎቻችሁ በሶፍትዌር በሚሠራ ሬዲዮ ሰማይን ለማዳመጥ እንደምትሹ ነግራችሁኛል። ስለ ዕቃው ከመናገሬ በፊት ታሪኩን ላስቀድም፤ የዛሬን ጀማሪ የሚያሰናክለው ችግር ቀዳሚዎቹንም የፈተነ ነውና። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካርል ጃንስኪ የሥነ ፈለክ ሊቅ አልነበረም። በኒው ጀርሲ፣ በቤል ላቦራቶሪዎች ውስጥ የተሰጠው ሥራ ውቅያኖስ ተሻጋሪውን የሬዲዮ ስልክ የሚያውከውን ሁከት ምንጭ ማጣራት ነበር። በ20.5 ሜጋኸርዝ ሲያዳምጥ የቅርብ ነጎድጓድን፣ የሩቅ ነጎድጓድንና ምንጩ ያልታወቀ የማያቋርጥ የሽሽታ ድምፅን ለየ። በመጀመሪያ ፀሐይን ጠረጠረ። ወራት ሲያልፉ ግን ድምፁ ከፀሐይ እየራቀ፣ እንደ ከዋክብት በየ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ እንደሚመላለስ ተገነዘበ። በ1933 ምንጩ ከፍኖተ ሐሊብ መሆኑን፣ ይልቁንም ቀውስ በምንለው ኅብረ ከዋክብት አቅጣጫ እንደሚበረታ አስታወቀ። ለዚህ ያበቃው በትዕግሥት የያዘው የወራት መዝገብ ነው።

ፈለጉን የተከተለው ግሮት ሪበር የተባለ አማተር የሬዲዮ መሐንዲስ ነው። በ1937 በኢሊኖይ፣ በዊተን ከተማ፣ ከ9 ሜትር በላይ ስፋት ያለው ዲሽ በራሱ ገንዘብ በቤቱ ጓሮ ሠራ። በ3300 ሜጋኸርዝ ሞከረ፤ ምንም አልሰማም። በ900 ደገመ፤ አሁንም ምንም። በ160 ሜጋኸርዝ ተሳካለት። ቀን ቀን የመኪኖች ሞተር ብልጭታ ስለሚያውከው ሌሊት ይመዘግብ ነበር። በ1944 የሰማይን የሬዲዮ ካርታ አሳተመ።

በ1951 ደግሞ ዩወንና ፐርሰል በሃርቫርድ ከመስኮት ውጭ ባቆሙት የጥሩምባ ቅርጽ ያለው አንቴና የሃይድሮጅንን ጨረር በ1420.4 ሜጋኸርዝ ያዙ። ዛሬ አብዛኛው አማተር የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

በ2012 ገደማ፣ ለዲጂታል ቴሌቪዥን የተሠራ አንድ ርካሽ የዩኤስቢ መቀበያ ያልተቀነባበረ የሬዲዮ መረጃ በቀጥታ ለኮምፒውተር ማቀበል እንደሚችል ታወቀ። በሰከንድ 2.4 ሚሊዮን ያህል ናሙና ይሰጣል፤ ይህም በሃይድሮጅን ጨረር ዙሪያ 500 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ያህል የፍጥነት ስፋት ያሳያል። የፍኖተ ሐሊብን ጋዝ ሽክርክሪት ለማየት ይበቃል። ከአንቴናው ሥር ደካማውን ምልክት የሚያጎላ ማጉያና ማጣሪያ ይጨመራል፤ የቀረውን ሶፍትዌሩ ይሠራዋል። 10,000 ልኬት ቢያማክል መዋዠቁ ወደ መቶኛው ይወርዳል።

ማማከል ግን የራሳችንን ሁከት አያጠፋም። እኔ በጀመርሁበት ወቅት በ1420 ሜጋኸርዝ አካባቢ ቀጭንና ጉልህ ምልክት አየሁ። ለተማሪዎቼ የምሥራቹን ጽፌ ልለጥፍ ስል አንቴናውን ወደ መሬት አዞርሁት፤ ምልክቱ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ላፕቶፑን ከኃይል መሙያው ስነቅለው ጠፋ። ማስታወቂያውን ቀደድሁት። የሰማዩ ሃይድሮጅን ሰፋ ያለ ጉብታ ሆኖ የታየኝ ከብዙ ሳምንታት በኋላ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፦ አንቴናውን በአንድ አቅጣጫ አቁማችሁ ለአንድ ወር መዝግቡ። ጉብታው በየቀኑ 4 ደቂቃ ያህል፣ በወሩ መጨረሻም 2 ሰዓት ያህል ቀድሞ ከመጣ፣ ጃንስኪ ያየውን የከዋክብት ሰዓት አይታችኋል። ሰዓቱ ካልተለወጠ ምንጩን ከቤታችሁ ፈልጉ።

አንድ ጸጋም አለን። የፍኖተ ሐሊብ ማዕከል በሪበር ጓሮ ሰማይ ከአድማስ በላይ ከ19 ዲግሪ ገደማ አያልፍም፤ በአዲስ አበባ ግን እስከ 52 ዲግሪ ይወጣል። ሪበር ከአድማስ አጠገብ የለቀመውን እኛ ከፍ ብሎ እናገኘዋለን። የሚቀረን ሌሊቱን ነቅቶ መመዝገብና ያየነውን ከማወጃችን በፊት መፈተን ነው።