ነጩ ባልሳሚኮ፤ የአንድ ሆምጣጤ ስምና ታሪክ

ይህን አጭር ጥናት እንዳዘጋጅ ምክንያት የሆነኝ በአንድ የአዲስ አበባ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ያየሁት ጠርሙስ ነው። በውስጡ ያለው ፈሳሽ እንደ ብርዝ የጠራ፣ ወደ ወርቅ መልክ ያዘነበለ ነበር። የተለጠፈበት ወረቀት «ባልሳሚኮ ቢያንኮ» ይላል፤ ትርጓሜውም «ነጭ ባልሳሚኮ» ማለት ነው። ከሥሩም ነገሩ ከጥንት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ መሆኑ ተጽፏል። ባለሱቁን ምን እንደ ሆነ ብጠይቀው «አቼቶ ነው» ብሎ በአንድ ቃል ጨረሰው። አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ ግን «ባልሳሚኮ ማለት ጥቁሩ ነው፤ ይህ ስም የሰረቀ ነው» ሲል ተከራከረ። እንግዲህ ወረቀቱ፣ ባለሱቁና ጓደኛዬ ሦስት የተለያየ ቃል ከሰጡ፣ እውነቱ ከየትኛው ዘንድ እንዳለ መመርመር የታሪክ ተማሪ ሥራ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልኝ።

1. ስለ ቃሉ

«አቼቶ» ከኢጣልያንኛ ወደ አማርኛ የገባ ቃል ነው፤ በኢጣልያንኛም ማናቸውንም ሆምጣጤ ያመለክታል። ስለዚህ ባለሱቁ አልተሳሳተም፤ ነገር ግን ብዙም አልነገረንም። «ባልሳሚኮ» ቅጽል ሲሆን፣ ሥሩ የግሪኩ «ባልሳሞን» ነው፤ ይኸውም እኛ «በለሳን» ከምንለው ጋር አንድ ቃል ነው። በለሳን ከዛፍ የሚገኝ መዓዛው መልካም የሆነ ሙጫ ሲሆን፣ የጥንት ሰዎች ለቁስልና ለሕመም ይጠቀሙበት ነበር። እንግዲህ «አቼቶ ባልሳሚኮ» ማለት «እንደ በለሳን ያለ ሆምጣጤ» ማለት ነው እንጂ በለሳን የገባበት ማለት አይደለም። ስሙ ሆምጣጤ ከምግብ ማጣፈጫነቱ ሌላ ለመድኃኒትነትም ይፈለግ የነበረበትን ዘመን ያስታውሰናል።

2. የካኖሳው ሆምጣጤ

ስለ ባልሳሚኮ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከ1046 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ሄንሪ 3ኛ የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ ለመጫን ወደ ሮማ ሲሄድ ፒያቼንሳ ከተማ ደረሰ፤ በካኖሳ ግንብ የሚሠራ የተመሰገነ ሆምጣጤ መኖሩን ሰምቶ ስለ ነበር፣ የግንቡን ጌታ ቦኒፋቺዮን እንዲልክለት ጠየቀው። ቦኒፋቺዮም በብር ዕቃ አድርጎ ላከለት። ይህን የሚነግረን ዶኒዞኔ የተባለ የካኖሳ መነኩሴ ሲሆን፣ የቦኒፋቺዮን ልጅ የማቲልዳን ሕይወት በላቲን ግጥም በጻፈበት መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል።

ታሪኩ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ልንመረምረው ይገባናል። አንደኛ፣ ዶኒዞኔ የጻፈው በ12ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው፤ ስለዚህ ነገሩ ከሆነ ከስድሳ ዓመታት በላይ አልፎ ነበር፤ ጸሐፊውም የዓይን ምስክር አልነበረም። ሁለተኛ፣ የጻፈው የጌቶቹን ክብር ከፍ ለማድረግ ነው። ሦስተኛና ዋናው፣ «ባልሳሚኮ» የሚለው ቃል በመጽሐፉ የለም፤ ሆምጣጤው ጥቁር ይሁን ነጭ፣ ጣፋጭ ይሁን መራር አይናገርም። ስለዚህ ከዚህ ምስክርነት ልንወስድ የምንችለው በዚያ አገር ለንጉሥ የሚቀርብ ዝነኛ ሆምጣጤ ይሠራ እንደ ነበር ብቻ ነው። ከዚህ አልፎ «ባልሳሚኮ የሺህ ዓመት ዕድሜ አለው» ማለት ምስክሩ ያልተናገረውን በአፉ መጨመር ይሆናል።

3. ስሙ በሰነድ ሲገኝ

የወይን ጭማቂን በእሳት አፍልቶ ማወፈር ግን ከካኖሳም በጣም ይቀድማል። ኮሉሜላ የተባለው የሮማ ጸሐፊ በ1ኛው መቶ ዓመት ስለ እርሻ በጻፈው መጽሐፍ፣ ጭማቂው በእሳት ላይ ሆኖ ከመጠኑ እንዲጎድል እንዴት እንደሚደረግ ያስረዳል። ስኳር በማይገኝበት ዘመን ይህ ውፍረት ማጣፈጫም ማቆያም ነበር።

በ1598 የኤስቴ መሳፍንት ፌራራን ለቀው ዋና ከተማቸውን ሞዴና አደረጉ። «ባልሳሚኮ» የሚለው ቃል የሚገኘውም በዚሁ ቤተ መንግሥት የወይን ማኖሪያ መዝገብ ውስጥ በ1747 ነው። ከካኖሳው ታሪክ እስከዚህ መዝገብ ሰባት መቶ ዓመታት እንዳሉ ልብ ይሏል። አሠራሩን ጠንቅቆ የገለጠው ሰነድ ደግሞ ከዚያም ይዘገያል፤ በ1862 ፍራንቼስኮ አጋዞቲ የተባለ የሞዴና አገር ጠበቃ ለወዳጁ ለፒዮ ፋብሪያኒ በጻፈው ደብዳቤ፣ ከተፈላ የወይን ጭማቂ ብቻ እንዴት እንደሚሠራ አስረድቷል። ስለዚህ ሥራው፣ ስሙና የሥራው ሥርዐት የየራሳቸው ዕድሜ አላቸው። አንዱን በሌላው ዕድሜ መቁጠር ግን ስሕተት ነው።

4. ጥቁሩ ለምን ጠቆረ?

በሞዴናና በሬጆ ኤሚሊያ የሚሠራው ጥንታዊ ሥርዐት የሚባለው እንደሚከተለው ነው። ትሬቢያኖን የመሳሰለው ወይን ተጨምቆ፣ ጭማቂው ክፍት በሆነ ጎላ ለብዙ ሰዓት በእሳት ላይ ይቆያል። በውስጡ ያለው ስኳር ሙቀቱ ሲበዛበት ይጠቁራል፤ የጥቁርነቱ መነሻ ይህ ነው። እዚህ ላይ የምናስተውለው ትሬቢያኖ ነጭ ወይን መሆኑን ነው፤ ጥቁርነቱን የሚያመጣው እሳቱና ዘመኑ እንጂ የፍሬው ቀለም አይደለም።

የተፈላው ጭማቂ ከቀዘቀዘ በኋላ ስኳሩ በእርሾ ወደ አልኮል፣ አልኮሉም በባክቴሪያ ወደ አሲድ ይለወጣል። ይህ የሁለተኛው ለውጥ የሕያዋን ረቂቃን ሥራ መሆኑን በ1860ዎቹ ያስረዳው ሉዊ ፓስተር ነው። ከዚያ በኋላ ከባሉጥ፣ ከጥድና ከሌሎች እንጨቶች በተሠሩ፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ በተደረደሩ በርሜሎች ይቀመጣል። በርሜሎቹ የሚኖሩት ከጣራ ሥር ባለ ቆጥ ላይ ነው፤ የበጋው ሙቀት ውሃውን ያተንናል፣ የክረምቱ ብርድ ያረጋጋዋል። በየዓመቱ ከትንሹ በርሜል ጥቂት ይቀዳል፤ የጎደለው ከሚቀጥለው፣ የዚያም ከሚከተለው እየተሞላ ይሄዳል። ከ12 ዓመት በታች የቆየ በዚህ ስም አይሸጥም፤ 25 ዓመት የሞላው የተለየ ማዕርግ አለው። አባት የጀመረውን ልጅ የሚቀዳው ስለ ሆነ ዋጋው ቢከብድ አያስደንቅም።

5. ነጩስ?

ነጩ ባልሳሚኮ የ20ኛው መቶ ዓመት ልጅ ነው። ሠሪዎቹ የፈለጉት ጣፋጭነቱና መዓዛው ሳይቀር ጥቁርነቱ እንዲቀር ነበር። ጥቁርነት ከእሳት የሚመጣ ከሆነ፣ መፍትሔው እሳቱን መቀነስ ነው። ስለዚህ የነጭ ወይን ጭማቂ አየሩ በተቀነሰበት ዕቃ ውስጥ በዝቅተኛ ሙቀት እንዲወፍር ይደረጋል፤ የአየሩ ግፊት ሲያንስ ውሃው ከተለመደው ባነሰ ሙቀት ይተናልና። ከዚያም ከነጭ ወይን ሆምጣጤ ጋር ይደባለቃል። በበርሜል ቢቀመጥም ጊዜው አጭር ነው። ጣዕሙ ከጥቁሩ የቀለለ ሆኖ ኮምጣጣነቱ ይበልጥ ይሰማል።

6. ስለ ስሙ የተነሣው ክርክር

የአውሮፓ ኅብረት በ2000 በጥንቱ ሥርዐት የሚሠሩትን የሞዴናንና የሬጆ ኤሚሊያን ሆምጣጤዎች፣ በ2009 ደግሞ ከወይን ሆምጣጤ ጋር ተደባልቆ በብዛት የሚሠራውን «የሞዴና ባልሳሚኮ ሆምጣጤ» በሕግ አስጠበቀ። ይህ ሁለተኛው ቢያንስ 60 ቀን መቆየት አለበት፤ መልኩም ጥቁር ቡናማ እንዲሆን ደንቡ ያዛል። በዚህ ምክንያት ነጩ ያንኑ ሙሉ ስም ሊይዝ አይችልም፤ ብዙ ጊዜ «ነጭ ማጣፈጫ» ተብሎ ይሸጣል።

ነገር ግን «ባልሳሚኮ» የሚለው ቃል ብቻውን የማን ነው? በባደን የወይን ሆምጣጤ የሚሠራ አንድ የጀርመን ድርጅት ምርቱን «የጀርመን ባልሳሚኮ» ብሎ ቢጠራው፣ የሞዴና ሠሪዎች ማኅበር ተቃወመው፤ ነገሩም ወደ ፍርድ ቤት ደረሰ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ዲሴምበር 4 ቀን 2019 በሰጠው ፍርድ፣ ጥበቃው ለሙሉው ስም እንጂ «አቼቶ» ወይም «ባልሳሚኮ» ለሚሉት ተራ ቃላት አይደለም አለ። እንግዲህ ጓደኛዬ በዚህ ፍርድ ተረታ፤ ነጩ ስም ሰርቋል አይባልም።

7. በምግብና በመጠጥ

አገልግሎቱ ከአሠራሩ ይከተላል። ጥቁሩ የነካውን ሁሉ ስለሚያጠቁር፣ ነጩ መልኩ እንዲጠበቅ ለሚፈለግ ምግብ ይመረጣል፤ ለዓሣ፣ ለዶሮ፣ ለድንች ሰላጣና ለተቆረጠ ፍሬ ይስማማል። በራሴ ሞክሬ እንዳየሁት፣ በቲማቲም፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ሰላጣ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ከሁለት ማንኪያ ዘይት ጋር ቢበቃ ሎሚውን ይተካል። ለብዙ ጊዜ በእሳት ላይ ማቆየት ግን አይገባም፤ ስኳሩ ይጠቁርና ነጭ የተደረገበት ድካም ከንቱ ይሆናል።

ሆምጣጤን መጠጣት ለአንዳንዶች እንግዳ ይመስላል። ነገር ግን የሮማ ወታደሮች ሆምጣጤ በውሃ በርዘው «ፖስካ» ብለው ይጠጡ ነበር፤ በአሜሪካም በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት ፍሬ በስኳርና በሆምጣጤ ዘፍዝፎ በውሃ መጠጣት የተለመደ ነበር። ነጩ ባልሳሚኮ ጣፋጭነት ስላለው ለዚህ ይመቻል፤ በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ አምቦ ውሃ ሁለት የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ሳይበረዝ መጠጣት ግን ጥርስንም ጉሮሮንም ይጎዳል።

መደምደሚያ

ወደ ሦስቱ ቃሎች ስመለስ፣ ባለሱቁ እውነት ተናግሯል፤ ጓደኛዬ ስለ ጥቁሩ ክብር ቢቆረቆርም ስለ ስሙ ተሳስቷል፤ የጠርሙሱ ወረቀት ግን ከሁሉ ይልቅ ተሳስቷል፤ ወጣቱን የሽማግሌ ካባ አልብሶታልና። ነጩ ባልሳሚኮ መልካም ለመሆን ጥንታዊ መሆን አያስፈልገውም ነበር። ይህ ነገር ለእኛም ይጠቅመናል። እኛም ስለ አገራችን ልማድ ስንጽፍ «ከጥንት ጀምሮ» የምትለውን ሐረግ በቀላሉ እንጥላታለን። ከዚያች ሐረግ በፊት ሥራው ከመቼ፣ ስሙ ከመቼ፣ ሥርዐቱስ ከመቼ ነው ብለን ብንጠይቅ፣ ከአባቶቻችን ክብር የሚጎድል ነገር የለም፤ በእኛ ጽሑፍ ላይ ግን እምነት ይጨመራል።