ዛፍ የያዘው መዝገብ

የተከበራችሁ የእድራችን አባሎች፤

ባለፈው ጉባኤ አንዳንዶቻችን «በእነዚህ ሦስት ዓመታት ሐዘን ቀንሷልና ወርኃዊ መዋጮው ይቀነስ» ብለን ነበር። እጃቸውን ካወጡት አንዱ እኔው ነኝ። ኋላ ግን ስለ አንድ የአሜሪካ ወንዝ ያነበብኩት ታሪክ አሳሰበኝና ይህችን ጻፍኩ። ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮሎራዶ የሚባለውን ወንዝ ሰባት ግዛቶች ይጋሩታል። በ1922 ውሃውን ለመከፋፈል ተፈራረሙ፤ ለላይኞቹ በየዓመቱ 9.25 ቢሊዮን ሜትር ኩብ፣ ለታችኞቹም ያንኑ ያህል ተመደበ። በ1944 ለሜክሲኮ 1.85 ቢሊዮን ተጨመረ። ታዲያ የመጀመሪያው ሂሳብ የተሠራው ከሠላሳ ዓመት በማይበልጥ ልኬት ነበር። እነዚያ ዓመታት ደግሞ ዝናብና በረዶ የተትረፈረፈባቸው ነበሩ።

ይህን የመሰከረው ዛፍ ነው። በዚያ አገር ዛፍ በየዓመቱ ግንዱ ውስጥ አንድ ቀለበት ይጨምራል። እርጥበት የበዛ እንደሆነ ቀለበቱ ይሰፋል፤ ድርቅ ከሆነ ይቀጥናል። ወንዙም የሚሞላው በዚያው ዝናብና በረዶ ስለሆነ የሁለቱ ሂሳብ ይቀራረባል። ዛፉን መቁረጥም አያሻም፤ በመሰርሰሪያ እንደ እርሳስ የቀጠነ ናሙና ይወጣለታል።

ይህን ጥበብ ሥርዓት ያስያዘው አንድሪው ዳግላስ የሚባል የከዋክብት ተመራማሪ ነው፤ በ1937 በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የዛፍ ቀለበት ጥናት ላቦራቶሪ አቋቋመ። በ1976 ስቶክተንና ጃኮቢ የተባሉ ምሁራን ከ400 ዓመት በላይ ወደኋላ ቆጥረው፣ የወንዙ አማካይ ውሃ በዓመት 16.6 ቢሊዮን ያህል ብቻ ነው ብለው ገመቱ። የተፈረመው ግን ከ20 ቢሊዮን በላይ! ሣጥን ውስጥ በሌለ ገንዘብ ወጪ መፈረም ማለት ይሄ ነው። ወደ 40 ሚሊዮን ሰው ውሃ የሚያገኘው ከዚህ ወንዝ ነው። በ2022፣ በድርቁም በሙቀቱም በአጠቃቀሙም ምክንያት፣ በሁቨር ግድብ የተጠራቀመው ሚድ ሐይቅ ከሞላ ወዲህ ታይቶ በማይታወቅ መጠን ወረደ።

በእኛም አገር በጥድ ላይ ተሞክሯል፤ ዝናብ በዓመት ሁለቴ በሚጥልበት ቦታ ግን ዛፉ ሁለት ቀለበት ሊያወጣ ስለሚችል ቆጠራው ጥንቃቄ ይፈልጋል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ሦስት ዓመት አጭር ነው። የእድራችን አሮጌ መዝገቦች ሣጥን ውስጥ አሉ። መዋጮውን ከመንካታችን በፊት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እንቁጠር። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በጸሐፊነት ነውና ቆጥሬ ለጉባኤው ለማቅረብ ፈቃደኛ ነኝ።

እግዜር ሐዘኑን ያርቅልን።