«ቺት» ስለሚባለው የእንግሊዞች ቃል

በእንግሊዝኛ የሰውን ገንዘብ አታሎ መውሰድ «ቺት» ይባላል። ነጋዴ ሚዛን ሲያጐድል፣ ቁማርተኛ ካርታ ሲሰውር፣ ተማሪ ፈተና ሲኮርጅ ኹሉም በዚሁ ቃል ይጠራል። የሚሰማው ሰው ቃሉ ከሌቦች ሰፈር የተወለደ ይመስለዋል፤ ትውልዱ ግን ከንጉሥ ቤትና ከዳኞች አደባባይ ነው።

ግንዱ ሮማይስጥ ነው፤ «ካዴሬ» ማለት መውደቅ ማለት ነው። ከርሱ በጥንቱ ፈረንሳይኛ ለሰው የወደቀለትን፣ የደረሰውን ነገር የሚያመለክት ስም ወጣ። ኖርማኖች በ1066 (ዓመቱ ኹሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) እንግሊዝን ድል ነሥተው በያዙ ጊዜ ቋንቋቸው የሹማምንትና የፍርድ ቋንቋ ኾነ፤ ይህም ቃል «ኤስቺት» ተብሎ ከመሬት ሕግ ገባ። መሬት የያዘ ሰው ወራሽ ሳይተው ቢሞት፣ ወይም በከባድ ወንጀል ቢፈረድበት፣ ርስቱ ለመሬቱ ጌታ ይወድቅለት ነበር። ንጉሥ ጆን በ1215 ባጸናው በማግና ካርታ፣ የወንጀለኛን መሬት ንጉሡ ከአንድ ዓመት ከአንድ ቀን በላይ እንዳይዝ፣ ከዚያም ለመሬቱ ጌታ እንዲመልስ ተጽፏል።

ይህን ሥራ የሚጠብቀው የንጉሥ ሹም ኤስቺተር ይባል ነበር። ከንጉሥ መሬት የያዘ ሰው በሞተ ጊዜ ኤስቺተሩ ይመጣል፤ መሬቱን በንጉሥ እጅ ያደርጋል፤ ያገሩን ሰዎች አስምሎ ሟቹ ምን ያህል መሬት እንደ ነበረው፣ ወራሹም ማን እንደ ኾነ፣ ዕድሜው ስንት እንደ ኾነ ይጠይቃል። ወራሹ አካለ መጠን ያላደረሰ ከኾነ መሬቱም ልጁም በንጉሥ ጥበቃ ይቈያሉ። እንግዲህ ይህ ሹም የኀዘን እንባ ሳይደርቅ ከባልቴትና ከሙት ልጅ ደጅ የሚቆም ሰው ነው፤ ብዕሩም በእጁ ነው። ሐሰት የጻፈ እንደ ኾነ ማን ይከራከረዋል?

ሹሞቹ ኹሉ ክፉዎች ነበሩ ማለት አይገባም። ነገር ግን በ1340 የወጣው ሕግ ማንም ኤስቺተር ከአንድ ዓመት በላይ በሹመቱ እንዳይቈይ አዘዘ፤ ከዚያም በኋላ ምርመራው በስውር ሳይኾን በግልጥ፣ መልካም ስም ባላቸው ሰዎች እንዲደረግ ተደነገገ። ማንም የማያደርገውን ነገር ለመከልከል ሕግ አይወጣም።

በሕዝቡ አፍ የቃሉ ፊተኛ ድምፅ ቀርቶ «ቺት» ብቻ ተባለ፤ ስለ መውደቅ የሚናገረው ቃል ራሱ መጀመሪያውን ጣለ ማለት ነው። ሹሙም «ቺተር» ተባለ።

በ1552 ስለ ዳይስ ቁማር ተንኰል የሚገልጥ አንድ ትንሽ መጽሐፍ ታተመ፤ ደራሲው ጊልበርት ዎከር ነው ይባላል። አታላዮቹ ቁማርተኞች ሥራቸውን ሌብነት ብለው እንደማይጠሩት፣ ከሕግ ዐዋቂዎች ተውሰው «ቺት» እንዳሉት በዚያ ተነግሯል። ባለቤቱ የጠፋ ከብት ለመሬቱ ጌታ እንደሚወድቅ፣ የሞኝም ገንዘብ ለእነርሱ ይወድቃል ማለታቸው ነው። ደግሞም ዳይሱን በአንድ ወገን አክብደው በፈለጉት ፊት እንዲወድቅ ያደርጉ ነበርና፣ የመውደቅ ቃል መውደቅን እንጀራቸው ላደረጉ ሰዎች ደረሰ። ቶማስ ሃርማን በ1567 ባሳተመው የሌቦች ቋንቋ መዝገብ ደግሞ መስቀያው ግንድ እንኳ በዚሁ ቃል ይጠራል፤ የመጨረሻው ድርሻቸውም እርሱ ነበር።

ሼክስፒር በ1602 በታተመው ስለ ዊንዘር ሴቶች በሚናገረው ተውኔቱ፣ ሁለት ባለ ባል ሴቶችን ለማታለል የሚያስብ ፎልስታፍ የሚባል ፈረሰኛ ራሱን በዚህ ሹመት ስም፣ ሴቶቹን በንጉሥ ግምጃ ቤት ስም እንዲጠራ አደረገ። ሰሙ የንጉሥ ሹም፣ ወርቁ አታላይ ነው።

ታዲያ ቃሉን ያረከሰው ማን ነው? አንዳንዶች የሹሞቹ ግፍ ነው ይላሉ፤ የዎከር መጽሐፍ ግን ነገሩን በቁማርተኞቹ ላይ ያደርጋል። ሁለቱ ምስክሮች የሚጣሉ አይደሉም። ሌባ የሹምን ካባ ለቀልድ ቢለብስ፣ ካባው አስቀድሞ በሹሙ ትከሻ ላይ ሳለ ሲሰርቅ ያላየ ሰው አይሥቅም። ቁማርተኞቹ ቃሉን ሲዋሱ፣ የሚሰሟቸው ሰዎች ኤስቺተሩን በደጃቸው አይተውት ነበር።

በእንግሊዝ አገር በወንጀል ምክንያት ርስት መውሰድ በ1870፣ ወራሽ በማጣት መውሰድ በ1925 በሕግ ቀረ። በአሜሪካ ግዛቶች ግን ባለቤቱ ያልተገኘ የባንክ ገንዘብ ወደ መንግሥት ሲገባ ዛሬም «ኤስቺት» ይባላል፤ በዚያ ቃሉ ሙሉ ስሙን እንደ ያዘ ይኖራል።