የአልባንኛና የክመርኛ ዘዬዎች
አልባንኛ የኢንዶ-አውሮፓ፣ ክመርኛ የአውስትሮኤዥያ ቋንቋ ነው። ዝምድና ባይኖራቸውም በሁለቱም ውስጥ የ«ር» ድምፅ ዘዬን ከዘዬ ይለያል።

አልባንኛ፦ የሽኩምቢን ወንዝ የሰሜኑን ጌግ ከደቡቡ ቶስክ በግምት ይከፍላል። በብዙ ነባር ቃላት፣ በአናባቢዎች መካከል የነበረው «ን» በቶስክ «ር» ሆኗል፤ የወይን ጠጅ በጌግ «ቬን»፣ በቶስክ «ቬር» ይባላል። በአፍንጫ የሚነገሩ አናባቢዎች የጌግ መለያ ናቸው። በ1972 እ.ኤ.አ. ቲራና ላይ የጸደቀው መደበኛ አጻጻፍ በአመዛኙ ቶስክን ይከተላል።

ክመርኛ፦ በፕኖም ፔን የዕለት ንግግር «ር» ብዙ ጊዜ ይዋጥና የአናባቢው ቃና ይለወጣል። በታይላንዷ ሱሪን የሚነገረው ሰሜናዊ ክመር ግን መደበኛው ንግግር የተወውን የቃል መጨረሻ «ር» ዛሬም ያሰማል። የክመርኛ ጽሕፈትም ይህን ጥንታዊ ድምፅ እንደያዘ ነው።