የመብረቅ ማውረጃ ሽቦ ውፍረት

ቤንጃሚን ፍራንክሊን ሕንፃን ከመብረቅ የሚጠብቅ ዘንግ እንዴት እንደሚተከል ሲያስረዳ ስለ ውፍረት ብዙ አልተጨነቀም። እ.ኤ.አ. ለ1753 ባሳተመው የዘመን መቁጠሪያ ላይ ምስማር ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት ቀጭን ብረት ይበቃል ብሎ ጻፈ። አንዱ ጫፍ እርጥብ አፈር ውስጥ 3 ወይም 4 ጫማ ይቀበራል፤ ሌላው ከሕንፃው አናት 6 ወይም 8 ጫማ ከፍ ይላል።

ቀጭን ሽቦ መብረቅን ማውረድ ስለመቻሉ ጥሩ ማስረጃ የተገኘው ማሳቹሴትስ ውስጥ ኒውበሪ በተባለች ከተማ ነው። ፍራንክሊን መብረቅ የመታውን የቤተ ክርስቲያን የእንጨት ማማ ተመልክቶ በ1755 ለፈረንሳዊው ዳሊባር በደብዳቤ ገለጸለት። ከደወሉ መዶሻ ተነሥቶ 20 ጫማ ያህል ዝቅ ብሎ ከተቀመጠው ሰዓት ጋር የሚገናኝ ሽቦ ነበር፤ ውፍረቱ ከሹራብ መሥሪያ መርፌ አይበልጥም። ከደወሉ በላይ ያለው የማማው ጫፍ ብትንትኑ ወጣ። ሽቦው ባለበት ግን ሕንፃው ጉዳት አልደረሰበትም ማለት ይቻላል። ሽቦው ራሱ ተንኖ ጠፋ፤ ጫፎቹ ላይ ከቀሩት ቁራጮች ሌላ በልስኑ ላይ ጥቁር መስመር ብቻ ተወ። ከሰዓቱ በታች መብረቁ የዝይ ላባ ያህል በሚወፍረው የፔንዱለም ሽቦ ወረደ፤ ይኼኛው ምንም አልሆነም። ፔንዱለሙ ካበቃበት ጀምሮ ማማው እንደገና ተሰነጣጠቀ፣ የመሠረቱም ድንጋዮች ተፈነቃቀሉ።

ቀጭኑ ሽቦ እንግዲህ ሕንፃውን አድኗል፤ ለሁለተኛ መብረቅ ግን አልተረፈም። ከዚያ በኋላ የነበሩት ባለሙያዎች የመዳብ ሽቦን ማወፈር ላይ ማተኮራቸው አያስገርምም፤ ወፍራም ሽቦ ሙቀትን ይችላል።

ውፍረት ብቻውን እንደማይበቃ አበክሮ ያሳየው እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ኦሊቨር ሎጅ ነው። በ1888 ባደረጋቸው ሙከራዎች ብልጭታው ወፍራሙን መዳብ ትቶ በአየር ሲዘል ታየ። የመብረቅ ከረንት እጅግ ፈጥኖ ስለሚያድግ የሚገታው የሽቦው ሬዚስታንስ ሳይሆን ኢንዳክታንሱ፣ ማለትም የከረንትን ለውጥ የሚቃወመው ባሕርዩ፣ ነው። ይህ ደግሞ ሽቦው እጥፍ ቢወፍር እንኳ ብዙም አይቀንስም፤ ርዝመትና ጥምዝ ግን ያብሱታል። አንድ ሜትር ሽቦ 1 ማይክሮሄንሪ ያህል አለው፤ ከረንቱ በአንድ ማይክሮሰከንድ 10,000 አምፒር ሲጨምር በሁለቱ ጫፎቹ መካከል 10,000 ቮልት ይፈጠራል።

የዛሬው ዓለም አቀፍ ደረጃ ሁለቱን ጉዳዮች፣ ውፍረትንና ርዝመትን፣ ለያይቶ ያያል። በሕንፃ የኤሌክትሪክ መሥመር ውስጥ ፌዙ (ኃይል የሚያመጣው ሽቦ) ሰውነቱ ብረት የሆነ ዕቃ ሲነካ የሚፈሰውን ከረንት የሚሸከመው የግራውንድ ሽቦ የሚመረጠው በፌዙ ውፍረት ነው። ሁለቱም መዳብ ከሆኑ፣ ፌዙ እስከ 16 ካሬ ሚሊሜትር ሲሆን እኩል፣ ከ16 እስከ 35 ሲሆን 16፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ግማሹን ያህል ይሆናል። ከጣሪያ መብረቅ የሚያወርደው መዳብ በተለምዶ 50 ካሬ ሚሊሜትር ነው። በማከፋፈያ ሳጥን ውስጥ ለሚገጠመው የሰርጅ (ድንገተኛ የቮልቴጅ ጭማሪ) መከላከያ ግን ከሁሉ በፊት የሚታየው ርዝመት ነው፤ ከፌዝ እስከ ግራውንድ ያለው ማገናኛ ሽቦ ተደምሮ ከግማሽ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል።