የተከፈተ መዝገብ፣ የተቆለፈ ፊደል

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር ላይ የሪም መሬት (ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የሚሰጥ መሬት) የተገበያዩ ሰዎች ውላቸውን የሚያስጽፉት ቤተ ክርስቲያን ባለ የብራና መጽሐፍ ባዶ ገጽና ሕዳግ ላይ ነበር። ሻጭና ገዥ፣ ዋጋው በወቄት ወርቅ፣ ዋሱና እማኞቹ ይሰፍራሉ። ሴቶችም በስማቸው ይሸጡና ይገዙ ነበር። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክረሚ የዘመኑን የመሬት ሥሪት ሲያጠና ብዙ መረጃ ያገኘው ከነዚህ ውሎች ነው፤ ፊደሉ ያው የምናውቀው ፊደል ነውና ዛሬም ይነበባል።

ከሃያና ሠላሳ ዓመት በፊት በኮምፒውተር የተተየበ ውል ግን እንዲህ በቀላሉ አይነበብም።

ያኔ አንድ ፎንት 256 ቦታ ብቻ ነበረው፤ ፊደላችን ደግሞ ከ300 ይበልጣል። ስለዚህ እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ያሉት ሶፍትዌሮች ፊደሉን እየከፋፈሉ የላቲን ሆሄያት ወንበር ላይ አስቀመጡት፣ ሁሉም በየራሱ አደላደል። ፋይሉ ውስጥ በእውነቱ አማርኛ የለም፤ የላቲን ኮድና የፎንቱ ስም ብቻ ነው ያለው። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ሲከፍተው ገጹ የባዕድ ምልክት ይሞላል። የጽሕፈት ቤት ደንበኛ ፍላሹን ሲያቀብል «ፎንቱ አላችሁ?» ብሎ መጠየቁ ከዚህ የመጣ ነው።

ማይክሮሶፍት የዎርድን የቆየ የፋይል አሠራር ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ2008 ለሕዝብ ይፋ አደረገ። ለዓለም ትልቅ ዜና ነበር፤ ለእኛ ግን ግማሽ ቁልፍ። ዝርዝሩ ኮዱና የፎንቱ ስም የት እንደተቀመጡ ይናገራል እንጂ የትኛው ኮድ «ጎ» እንደሆነ አይናገርም።

ለየፊደሉ አንድ የጋራ ኮድ ግን ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ቀድሞ ሰጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው 3.0 እትም 345 የኢትዮጵያ ምልክቶችን መዘገበ፤ በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር «ሀ» 1200፣ «ን» 1295 ሆኑ። ሰንጠረዡን ማንም ያለ ፈቃድ ያየዋል። ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ ፎንትን ይዞ ሲመጣም ለዚህ ሰንጠረዥ የተሠራ ፊደል ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ይገኝ ጀመር።

የድሮዎቹ ፋይሎች ግን በራሳቸው አልተለወጡም። ወደ ዩኒኮድ የሚለውጣቸው ፕሮግራም የፎንቱን ስም ሳያይ ከሠራ፣ በውሉ መሐል ያለውን የእንግሊዝኛ ቃል ጭምር ወደ ፊደል ይገለብጠዋል። ጽሑፉ ተራ ቴክስት ሆኖ የፎንቱ ስም ከጠፋ ደግሞ፣ በየትኛው ሶፍትዌር እንደተተየበ ገምቶ አንድ በአንድ መሞከር ነው።